አሜሪካ ውስጥ ከባሕር ርቃችሁ ለምትኖሩ፦ ሃሪኬን ጎርፍ ይዞ ሲመጣ በሰዓቱ የመውጣት እቅድ፣ ደረጃ በደረጃ

እ.ኤ.አ. በ2024 የደመራ ዕለት፣ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ፣ ሃሪኬን ሄሊን ፍሎሪዳ የባሕር ዳርቻ ላይ አረፈ። በማግስቱ፣ የመስቀል ዕለት፣ ከባሕሩ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 650 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው የኖርዝ ካሮላይናዋ አሽቪል ዝቅተኛ ሰፈሮቿ በውሃ ተውጠው ዋሉ። በከተማዋ የሚያልፈው ፍሬንች ብሮድ ወንዝ ከ1916 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያልተደፈረውን ከፍታ አልፎ 7 ሜትር ተኩል ደረሰ። እንደ ማርሻል እና ቺምኒ ሮክ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ መሐላቸው ታጠበ። በኖርዝ ካሮላይና ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ።

ከባሕር የራቀ ከተማ ነዋሪ ሁልጊዜ የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሃሪኬኑን ደረጃ ያያል። ከ1 እስከ 5 የሚሰጠው ደረጃ የሚለካው የነፋሱን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ስለ ዝናቡ አንድም ነገር አይናገርም። ሄሊን አሽቪል ያለችባቸው የአፓላቺያን ተራሮች ዘንድ ሲደርስ ሃሪኬን መሆኑ እንኳን ቀርቶ ነበር። ሁለተኛ፣ «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ይጠብቃል። በባሕር ዳርቻ ከተሞች የመውጫ ቀጠናዎች አስቀድመው የተከፋፈሉ ስለሆኑ ትእዛዙ ከቀናት በፊት ይመጣል፤ በወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ግን ትእዛዙ ከውሃው ጋር እኩል ሊደርስ ይችላል፣ ከውሃው ኋላም ሊቀር ይችላል። ሦስተኛ፣ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ መኪና ይነዳል። ከእነዚህ ሦስት ስሕተቶች የምትድኑት ውሳኔውን ፀሐይ በወጣበት ቀን ወስናችሁ፣ ጽፋችሁ ካስቀመጣችሁ ብቻ ነው። በዕለቱ የሚቀራችሁ የጻፋችሁትን መፈጸም ይሆናል።

ከታች ያሉትን ደረጃዎች በቅደም ተከተላቸው ሥሩ። የመጀመሪያዎቹን አምስቱን ከሰኔ በፊት ጨርሱ። የሃሪኬን ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን፣ የሚበረታው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው።

ደረጃ 1፦ ውሃው በየት በኩል እንደሚመጣባችሁ እወቁ

ካርታውን ክፈቱ

በፌማ (የአሜሪካ ፌዴራል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) የጎርፍ ካርታ ላይ አድራሻችሁን አስገቡ። በ«ኤ» ፊደል የሚጀምር ቀጠና ውስጥ ከሆናችሁ፣ ቤታችሁ በየዓመቱ ቢያንስ ከመቶ አንድ ጎርፍ የመግባት ዕድል አለው። አንድ ከመቶ ትንሽ ይመስላል። የ30 ዓመት የቤት ብድር ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ግን ከአራት አንድ በላይ ይሆናል። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል «በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል» ማለት አይደለም፤ በተከታታይ ሁለት ዓመትም ሊመጣ ይችላል።

«ኤክስ» የሚል ቀጠና ብታገኙ ደግሞ «ተገላገልን» ብላችሁ ካርታውን አትዝጉ። ካርታው ትልልቅ ወንዞችን በደንብ ያሳያል፤ ከቤታችሁ ጀርባ ያለችውን፣ በበጋ ሕፃን የሚዘላትን ጅረት ግን ብዙ ጊዜ አያሳያትም።

በእግራችሁ ሂዱ

አንድ ደረቅ ቅዳሜ ጠዋት ከቤታችሁ ተነሥታችሁ ጅረቱን ወደ ላይ፣ ከዚያም ወደ ታች ተከተሉ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን እሱ ነው። ቅርንጫፎቹን ቀና ብላችሁ እዩ። ደረቅ ሣር፣ የፕላስቲክ ከረጢት፣ የተጠማዘዘ ሽቦ በትከሻችሁ ልክ ተንጠልጥሎ ካያችሁ፣ ውሃው ባለፈው ጊዜ እዚያ ድረስ ደርሶ ነበር ማለት ነው። በድልድዩ ምሰሶ ላይ ያለውን የጭቃ መስመር እዩ። ጅረቱ ከመንገድ ሥር በቱቦ የሚያልፍ ከሆነ የቱቦውን አፍ ተመልከቱ፤ ቱቦው በግንድ ሲደፈን ውሃው መንገዱን ይዞ ይወርዳል፣ መንገዱም ወደ እናንተ በር ሊያመጣው ይችላል። በመጨረሻ ረጅም ዘመን የኖሩትን ጎረቤት ፈልጋችሁ «ውሃው የት ድረስ ገብቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። በእጃቸው ያሳዩአችኋል።

ደራሽ ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውሃው በሌሊት የወረደው ከላይ ከደጋው ነው። የአፓላቺያን ተራሮች ሸለቆም እንደዚያው ነው። የእናንተ ሰማይ ቢጠራም የላይኛው ሰማይ እየዘነበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትከታተሉት የዝናብ ትንበያ የከተማችሁን ብቻ ሳይሆን ጅረቱ የሚነሣበትን ተራራ ጭምር ይሁን።

ሦስት ነገር ደግሞ አጣሩ

ከእናንተ በላይ ግድብ አለ? የካውንቲውን የአደጋ ጊዜ አስተዳደር ቢሮ ጠይቁ። በሄሊን ጊዜ የሌክ ሉር ግድብ ሊፈርስ ነው ተብሎ ከታች ያሉ ሰዎች በአስቸኳይ እንዲወጡ ተነግሯቸው ነበር፤ ግድቡ ጸና፤ ሰዎቹ ግን የመውጫ መንገዱን በዚያች ሰዓት መፈለግ አልነበረባቸውም።

ከጀርባችሁ ቁልቁለት አለ? ሄሊን ከ2,000 በላይ የመሬት መንሸራተት አስከትሏል። ገደል ሥር ወይም ከተራራ የሚወርድ ሸለቆ አፍ ላይ ያለ ቤት፣ ከወንዝ ቢርቅም ከአደጋ አልራቀም።

የምትኖሩት ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ቤት) ውስጥ ነው? እ.ኤ.አ. በ2021 የሃሪኬን አይዳ ርዝራዥ ኒው ዮርክ ሲደርስ፣ በከተማዋ ከሞቱት አብዛኞቹ በቤዝመንት ቤቶች የነበሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። በቤዝመንት የሚኖር ሰው ጎርፍ ሊኖር ይችላል በተባለበት ሌሊት እዚያ አይተኛ። ላይኛው ፎቅ ያሉትን ዛሬውኑ አነጋግሩ።

ደረጃ 2፦ የማስጠንቀቂያ ቃላቱን በጆሮ ለዩ

በስልክ የሚመጣው የአደጋ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ አይመጣም። በእንግሊዝኛ፣ አንዳንዴም በስፓኒሽ ይመጣል። ስለዚህ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናትና አባት ቤት ካሉ፣ እነዚህን ቃላት በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉላቸው።

«ፍለድ ዋች»፦ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። ተዘጋጁ።

«ፍለድ ዋርኒንግ»፦ ጎርፍ መጥቷል ወይም እየመጣ ነው።

«ፍላሽ ፍለድ ዋርኒንግ»፦ ደራሽ ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ ከሆናችሁ አሁኑኑ ወደ ከፍታ ውጡ።

«ፍላሽ ፍለድ ኢመርጀንሲ»፦ ሕይወት የሚያጠፋ ደራሽ በመሆን ላይ ነው። ይህን ከሰማችሁ የእቅድ ጊዜ አልፏል፤ በእግር የሚደረስ ከፍታ ላይ ውጡ።

ብዙ ሰው «ዋች» እና «ዋርኒንግ» ይምታታበታል። «ዋች» ዳመናው ነው፤ «ዋርኒንግ» ውሃው ነው።

ከዚያ ሁለት ነገር አድርጉ። የስልኩን ቅንብር ከፍታችሁ የአደጋ ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ መከፈታቸውን አረጋግጡ፤ በድምፁ ተናድዶ የዘጋው ሰው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር ጠባይ ሬዲዮ ግዙ። የስልክ ምሰሶ ሲወድቅ ስልክ ዝም ይላል፤ በሄሊን ጊዜ ብዙ ካውንቲዎች ለቀናት ያለ ስልክ ቆይተዋል። ሬዲዮው ሌሊት ራሱ ጮኾ የሚቀሰቅስ ዓይነት ይሁን፤ የካውንቲያችሁን ኮድ አስገቡበት፤ ከዚያም በሳምንታዊው የሙከራ ድምፅ መሥራቱን አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ የመውጫ መስመራችሁን አስምሩ

የዚህ መመሪያ ልብ እዚህ ነው። «ሁኔታውን አይተን እንወጣለን» የሚል ቤተሰብ አይወጣም። አንዱ «ትንሽ እንይ» ይላል፤ ሌላው ሥራ ይቀራል ብሎ ይሰጋል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ዝናቡ ደግሞ መሐል ላይ ጋብ ይላል። እንዲህ እያለ ይነጋል፣ ወይም አይነጋም።

በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጻፉ። እያንዳንዱ መስመር በዓይን የሚታይ ነገርና የሚፈጸም ተግባር ይኑረው።

መስመር አንድ፦ ስም ያለው ማዕበል ወደ እኛ እንደሚያልፍ ሲተነበይና «ፍለድ ዋች» ሲታወጅ። ተግባር፦ ነዳጅ ሙሉ ይቀዳል፤ ቦርሳው በር አጠገብ ይቀመጣል፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከፍታ ላይ ይቆማል። አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ ያለው ሰው በዚሁ መስመር ይሄዳል፤ ቀጣዩን አይጠብቅም።

መስመር ሁለት፦ የወንዙ ትንበያ የጎርፍ ደረጃ ላይ እንደሚደርስ ሲያሳይ፣ ወይም ዝናቡ ሌሊቱን እንደሚቀጥል ሲነገር፣ ወይም ጅረቱ የመጀመሪያ ምልክታችን ላይ ሲደርስ፤ ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። ተግባር፦ ሁሉም ሰው ሳይጨልም ይወጣል።

መስመር ሦስት፦ ደራሽ መምጣቱ ሲነገር ወይም ጅረቱ ሁለተኛው ምልክት ላይ ሲደርስ። ተግባር፦ ቦርሳ ቢኖርም ባይኖርም፣ በእግር ወደ ከፍታ።

ምልክቱ እንዴት ይደረጋል? በብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት የውሃ ትንበያ ገጽ ላይ ለእናንተ የሚቀርበውን የወንዝ መለኪያ ፈልጉ። እያንዳንዱ መለኪያ አራት ደረጃ አለው፦ የዝግጅት፣ ቀላል፣ መካከለኛና ከባድ ጎርፍ። ቤታችሁ የሚነካው በየትኛው እንደሆነ ጎረቤት ከነገራችሁ ጋር አመሳክሩና ከዚያ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን መስመራችሁ አድርጉ። ትንንሽ ጅረቶች መለኪያ የላቸውም። ለእነዚህ ከመስኮት የሚታይ አጥር ወይም ምሰሶ ላይ ሁለት ቀለበት ቀቡ፤ ታችኛው ቢጫ፣ ላይኛው ቀይ። ላይኛው ቀለበት ከቤታችሁ ወለል ሳይሆን ከመውጫ መንገዳችሁ ዝቅተኛ ቦታ በታች መሆን አለበት። ውሃው ቤት ሳይደርስ መንገዱን ይቆርጣል፤ ሰዎች ደረቅ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚከበቡት በዚህ ምክንያት ነው።

ከማዕበሉ በፊት ለዘነበው ዝናብ ልዩ ጥንቃቄ አድርጉ። ሄሊን ከመድረሱ በፊት በምዕራብ ኖርዝ ካሮላይና ከባድ ዝናብ ጥሎ መሬቱ ጠግቦ ነበር። መሬት ከጠገበ በኋላ የሚወርደው ጠብታ ሁሉ ወደ ጅረት ነው የሚሄደው። ዋናው ማዕበል ከመምጣቱ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ከዘነበ፣ መስመር ሁለትን እንደተሻገራችሁ ቁጠሩ።

ማን ይወስናል?

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹ የጭነት መኪና ይነዳሉ። ባል ቴክሳስ መንገድ ላይ ሆኖ ሚስት «ልውጣ ወይ?» ብላ እየደወለች፣ እሱ በስልኩ የአየር ትንበያ እያየ «ቆይ ትንሽ» የሚልበት ቤት አለ። ይህ መቅረት አለበት። ወረቀቱ ላይ «ቤት ውስጥ ያለው ሰው ይወስናል፤ መንገድ ላይ ያለው ይስማማል» ብላችሁ ጻፉና ሁለታችሁም ፈርሙበት።

ደረጃ 4፦ የምትሄዱበትን ቦታና መንገዱን ምረጡ

ከባሕር ዳርቻ የሚወጣ ሰው 300 ኪሎ ሜትር ይነዳል። እናንተ ግን የሚያስፈልጋችሁ ርቀት ሳይሆን ከፍታ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ያለ የወዳጅ ቤት ከሩቅ ሆቴል ይበልጣል፤ በተለይ ወደ ሆቴሉ የሚወስደው መንገድ ወንዝ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ። በተራራ አገር አብዛኛው መንገድ ወንዝን ተከትሎ ነው የተሠራው። በቴነሲ ድንበር አጠገብ ያለው ኢንተርስቴት 40 እንኳን በሄሊን ጊዜ ወንዙ ሥሩን በልቶት ተደርምሷል።

ሁለት ቦታ ምረጡ። የመጀመሪያው በእግር በ15 ደቂቃ የሚደረስ ከፍታ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ኮረብታ ላይ ያለ መኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ለቀናት የምትቆዩበት ቤት ነው። ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ «በማንኛውም ሰዓት እንመጣለን» ብላችሁ ተስማሙ።

ወደ ሁለተኛው ቦታ ሁለት መንገድ ፈልጉና ሁለቱንም ንዱ። አንዱን በቀን፣ አንዱን በሌሊት ዝናብ እየጣለ። በመንገዱ ላይ ያለውን ድልድይና ዝቅ ያለ ቦታ ሁሉ ቁጠሩ፣ ጻፉ። ሁለቱ መንገዶች አንድ ድልድይ የሚጋሩ ከሆነ ሁለት መንገድ የላችሁም፤ አንድ ብቻ ነው ያላችሁ። ካርታውን በወረቀት አትሙ፤ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት የስልክ ካርታ ባዶ ገጽ ነው።

ዘመድ ከሌላችሁ የአካባቢ እርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው 211 ደውላችሁ በካውንቲያችሁ የሚከፈቱ መጠለያዎችን ጠይቁ። ቀይ መስቀል የሚያስተዳድራቸው መጠለያዎች የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታ አይጠይቁም። «ወረቀት የለኝም» ብሎ ከውሃ ጋር የሚያድር ሰው እንዳይኖር፣ ይህን ለምታውቁት ሁሉ ንገሩ።

ደረጃ 5፦ ቦርሳው፣ ሰነዱ፣ ኢንሹራንሱ

ኢንሹራንስ በቅድሚያ። የተለመደው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍን አይሸፍንም። በብሔራዊ የጎርፍ ኢንሹራንስ ፕሮግራም የሚገዛው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ የሚጀምረው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ማዕበሉ በቴሌቪዥን ከታየ በኋላ መግዛት አይጠቅምም። ለመኖሪያ ቤት እስከ 250,000 ዶላር፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሸፍናል። ተከራዮችም ዕቃቸውን ብቻ ማስገባት ይችላሉ፤ ይህን የሚያውቅ ተከራይ ጥቂት ነው።

ሰነድ። ፓስፖርት፣ ግሪን ካርድ ወይም የዜግነት ወረቀት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ የመኪና ባለቤትነት ወረቀት። ዋናዎቹን ውሃ በማያስገባ ዚፕ ከረጢት አድርጉ፤ ፎቶአቸውን አንሥታችሁ ሌላ ስቴት ላለ ዘመድ ላኩ። የጠፋ ግሪን ካርድ ለመተካት ብዙ ወራት ይፈጃል፤ የኢትዮጵያ የልደት ምስክር ወረቀት ደግሞ ምን ያህል እንደሚያንከራትት የሞከረ ያውቀዋል።

መድኃኒት። ቢያንስ የሁለት ሳምንት። ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ አብዛኛው ዓይነት በክፍል ሙቀት እስከ 28 ቀን ይቆያል፤ የእናንተን ለማረጋገጥ የመድኃኒት ባለሙያውን ጠይቁ። በረዶ በቀጥታ አታስነኩት።

ውሃ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ። የሦስት ቀን የሚለው ትንሹ ነው፤ አሽቪል የቧንቧ ውሃዋ ለመጠጥ ንጹሕ ነው እስኪባል 53 ቀን ፈጅቶባታል። ማዕበሉ ሊደርስ ሲል የመታጠቢያ ገንዳውን ሙሉት፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል።

ምግብ። እዚህ ላይ ከእናቶቻችን የተሻለ መመሪያ የለም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ። መብሰል አያሻቸውም፣ ቶሎ አይበላሹም፣ ከክብደታቸው በላይ ያጠግባሉ። አንድ ኪሎ በሶ፣ ማር ወይም ስኳርና ጨው በዝግ ማሰሮ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡ።

ሌላው አጭር ነው፦ የግንባር ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር ባንክ፣ ፊሽካ፣ ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት፣ ወፍራም ጫማ፣ የሕፃን ዳይፐርና ወተት። መብራት ሲጠፋ የባንክ ካርድ አይሠራም።

ደረጃ 6፦ ማዕበሉ ሲቃረብ

ከ72 እስከ 48 ሰዓት ሲቀር፦ ወረቀቱን አውጥታችሁ ከቤተሰብ ጋር አንብቡ። ሌላ ስቴት ላለው ዘመድ ደውላችሁ «ሁላችንም ላንተ መልእክት እንልካለን» በሉት። በአደጋ ቦታ የአካባቢ ስልክ ሲጨናነቅ አጭር የጽሑፍ መልእክት ብዙ ጊዜ ያልፋል።

24 ሰዓት ሲቀር፦ መስመር አንድን ፈጽሙ። ውድ ዕቃ ወደ ላይኛው ፎቅ አውጡ። የእያንዳንዱን ክፍል ቪዲዮ ቅረጹ፤ መሳቢያዎችን ከፍታችሁ፣ የዕቃዎቹን መለያ ቁጥር እያሳያችሁ። ይህ ቪዲዮ በኋላ ለኢንሹራንስ ገንዘብ ነው።

ሥራን በተመለከተ፦ የሥራ ቦታችሁ ወንዝ ዳር ከሆነ፣ የቤታችሁ መስመር እዚያም ይሠራል። ኧርዊን በምትባል የቴነሲ ትንሽ ከተማ ሆስፒታሉ በውሃ ተከቦ ከ50 በላይ ሰዎች ከጣሪያው ላይ በሄሊኮፕተር ነው የተነሡት። ትልቅ ሕንፃ መሆን ከውሃ አያድንም። ለአለቃችሁ አስቀድማችሁ «መኪና ማቆሚያው ላይ ውሃ ከታየ እሄዳለሁ» ብላችሁ ንገሩ፤ በዕለቱ ፈቃድ አትጠብቁ።

ስትወጡ፦ ቆማችሁ ያላችሁበት ቦታ ደረቅ ከሆነ ብቻ የመብራቱን ዋና ማጥፊያ ዝጉ። የምትሄዱበትን ቦታና የወጣችሁበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ በውስጥ በኩል ለጥፉ። ሂዱ። ለተረሳ ነገር አትመለሱ።

ደረጃ 7፦ ነገሩ ሲበላሽ

መንገዱ ላይ ውሃ አለ

ተመለሱ። 15 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና፣ ከፍ ያሉትንም ጨምሮ፣ ይወስዳል። በጎርፍ ከሚሰጥሙ ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሰጥሙት መኪና ውስጥ ነው። «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» የሚለው አባባል እዚህ ቃል በቃል እውነት ነው፤ ውሃው ጥልቀት የሌለው፣ ቡናማና ጸጥ ያለ ይመስላል፤ ሥሩ ያለው አስፋልት ግን ታጥቦ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ከፊት ያለው መኪና ተሻገረ ብላችሁ አትከተሉ።

መኪናው ውሃ ውስጥ ቆመ

ስልክ አትደውሉ፤ መጀመሪያ ውጡ። ቀበቶ ፍቱ፤ የኤሌክትሪክ መስኮት ሳይሞት መስኮቱን ክፈቱ፤ ልጆችን አስቀድማችሁ፣ ትልቁን ልጅ ከፊት፣ በመስኮት አስወጡና ጣሪያው ላይ ውጡ። በር ለመክፈት አትታገሉ፤ ውሃው ይገፋዋል፣ ከተከፈተም መኪናው ይሞላል። መስኮቱ እንቢ ካለ የጎን መስታወቱን ጥግ በመስበሪያ ምቱ። ይህ መስበሪያ ትንሽ ነው፤ ሾፌሩ በቀበቶ ታስሮ እንዳለ እጁ የሚደርስበት ቦታ እሰሩት። ጣሪያ ላይ ከወጣችሁ በኋላ 911 ደውሉ።

ቤት ውስጥ ተከበባችሁ

ወደ ላይ ውጡ። ወደ ጣሪያ የሚያስወጣ ቀዳዳ የሌለው ኮርኒስ ውስጥ ግን አትግቡ፤ ወጥመድ ነው። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ብቻ፣ ጣሪያውን ለመብሳት መጥረቢያ ይዛችሁ ግቡ። ነጭ አንሶላ ወይም ነጠላ በመስኮት አውጥታችሁ እሰሩ፤ ከሄሊኮፕተር ይታያል። 911 ስትደውሉ በቅድሚያ አድራሻውንና የሰዉን ቁጥር ተናገሩ፤ እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ «አምሃሪክ» የሚለውን ቃል ደጋግማችሁ በሉ፤ ብዙ ቦታ አስተርጓሚ በስልክ ያገናኛሉ። ኔትወርክ ከሌለ፣ ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉ ስልኮች በሳተላይት የእርዳታ መልእክት ይልካሉ፤ መለማመጃው ስልኩ ውስጥ ስላለ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ቁልቁለቱ ድምፅ ሰጠ

ከላይ እንደ ባቡር የሚያጉረመርም ድምፅ፣ ዛፎች ሲሰበሩ የሚሰማ ጩኸት፣ ጥርት ያለ ጅረት በድንገት ጭቃ መሆን፣ ወይም ዝናብ እየጣለ የጅረቱ ውሃ በድንገት መጉደል፤ ከእነዚህ አንዱ ተራራው እየተንሸራተተ መሆኑን ያሳያል። የመጨረሻው በተለይ ያታልላል፤ ውሃው የጎደለው ከላይ ስለታገደ ነው። ወደ ታች አትሩጡ፤ ከሸለቆው መስመር በጎን ውጡ።

ደረጃ 8፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

መመለስ ይቻላል ሳይባል አትመለሱ። የወደቀ ሽቦ ሁሉ ኤሌክትሪክ እንዳለው ቁጠሩ። የጎርፍ ውሃ ፍሳሽና ነዳጅ የተቀላቀለበት ነው፤ ጓንትና ቦት ጫማ ሳታደርጉ አትንኩት።

ቤት ውስጥ ከሰል አታንድዱ። መብራት በጠፋበት ማለዳ ቡና ለማፍላት ምድጃውን ወደ ሳሎን ማስገባት ለእኛ የተለመደ ነገር ነው፤ በተዘጋ ቤት ግን ጭሱ ሳይታይ ቤተሰብ ይገድላል። ጄኔሬተርም እንደዚያው፤ ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ።

ውሃ አጣሩና ለአንድ ደቂቃ አፍሉ። ማፍላት ካልተቻለ፣ ሽታና ማቅለሚያ የሌለው 6 በመቶ በረኪና በአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ። ማፍላትም ሆነ በረኪና ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውሃ አያድነውም።

ምንም ነገር ከመጣላችሁ በፊት ፎቶ አንሡ። ከዚያ እርጥብ ምንጣፍና የግድግዳ ሰሌዳ ቶሎ አውጡ፤ ሻጋታ በ24 እና በ48 ሰዓት መካከል ይጀምራል። አካባቢያችሁ ለፌማ እርዳታ ከታወጀ በ1-800-621-3362 ደውሉ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ማመልከቻው ብዙውን ጊዜ በ60 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ክፍያ የለውም፣ ገንዘብ የጠየቀ ሰው አጭበርባሪ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ «አይገባችሁም» ቢል አትተዉት። ብዙ ጊዜ የጎደለው የኢንሹራንስ ደብዳቤ ወይም የአድራሻ ማስረጃ ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን አንሥቶ ባሉት 60 ቀናት ይግባኝ በሉ።

ግድግዳውን ከማጠባችሁ በፊት ደግሞ ውሃው የደረሰበትን የጭቃ መስመር በማይለቅ እስክሪብቶ አስምሩና ቀኑን ጻፉበት። ከወለሉ ያለውን ከፍታ ለኩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዳችሁ ቢጫውና ቀዩ ቀለበት ትክክለኛ ቦታ ላይ እንደነበሩ አመሳክሩ፤ ውሃው ቢጫውን ነክቶ መንገዱን ለመቁረጥ የፈጀበት ጊዜ ቤተሰቡን ለማውጣት ካልበቃ፣ ቢጫውን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ቀቡ።